የኦርቪል ስታምፐር ካፖርት ኪስ

በኢንዲያና፣ ዋይልደር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ዴልማር ፕሩት ሦስት ዓመት በተከታታይ የአውራጃው የቅጥፈት ሻምፒዮን ነበር። ይሄ ስድብ አይደለም፤ ማዕረግ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በባዛሩ ሜዳ፣ የአሳማው ውድድር አልቆ የትራክተሩ ጉተታ ሳይጀመር፣ ሰው በተራ በርጩማ ላይ እየወጣ ይዋሻል። ከሁሉ አብልጦ የዋሸ በናስ የተለበጠ አካፋ ይሸለማል። ለምን አካፋ እንደሆነ ያገሩ ሰው ጠይቆ አያውቅም፤ የሚዛቀው ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ዴልማር ሦስቱንም አካፋዎች ከላውንደሪው መስኮት ላይ ደርድሯቸዋል። ሸሚዝ ሊያስተኩስ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

"ሰው በምን ልቡ ነው ልብሱን ለቀጣፊ የሚሰጠው?" ትለዋለች አይዴላ። አይዴላ ኮትስ አርባ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ካውያ ይዛለች። ያን ሁሉ ዘመን በእንፋሎት ውስጥ ስለኖረች ፊቷ ላይ አንድም መጨማደድ የለም፤ ራሷንም አብራ ተኩሳዋለች ይባላል።

"ቀጣፊነቴን ደብቄ አላውቅም" ይላታል ዴልማር። "ከኔ የበለጠ ታማኝ ቀጣፊ ከየት ይመጣል?"

እንዲህ እየተባባሉ ሲኖሩ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከች ሴትዮ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ገባች። የያዘችው ልብስ ሳይሆን በጠርሙስ ውሃ ነበር። ውሃው ከአጠገቡ ካለው ከሜቶዲስቶቹ ቤተ ክርስቲያን ጉድጓድ የተቀዳ ነው። ውሃው ውስጥ የተገኘው ደግሞ ልብስ ያለ ውሃ የሚታጠብበት ፈሳሽ ነው። እና በዋይልደር ልብስ ያለ ውሃ የሚያጥብ አንድ ቤት ብቻ አለ።

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ለጎረቤቱ እንግዳ አልነበረም። የዴልማር አባት አቶ ሆባርት በዘመናቸው የተረፈውን ፈሳሽ ጓሮ ይደፉት ነበር፤ ያኔ ላውንደሪ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማሽኑን የሸጠላቸው ሰውም "ጓሮ ድፉት" ነው ያላቸው። ከዚያ በኋላ ከዚያ ጓሮ የሚወጣ የምድር ትል አፈር የሚባል ነገር አይነካውም ነበር። ዓሣ አጥማጆች ትሉን መንጠቆ ላይ ሰክተው ኩሬው ውስጥ ሲጥሉት፣ ዓሣው ጠጋ ብሎ ያየውና፣ ለሠርግ የለበሰ እንግዳ የገጠመው ይመስል አፍሮ ይመለሳል። አንዱ አጥማጅ እንዲያውም ትሉ ላይ የተኩስ መስመር አይቻለሁ ብሎ ምሏል።

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። "ዘጠና ቀን አለዎት፣ አቶ ፕሩት። በዘጠና ቀን ውስጥ አፈሩን ማን እንደሚያጸዳው ካላሳወቁን፣ እኛ እናጸዳውና ወጪውን ከንብረትዎ እንወስዳለን።"

"ስንት ይፈጃል?"

"ወደ ስምንት መቶ ሺህ ዶላር።"

ዴልማር ጠርሙሱን አንሥቶ በብርሃን አየው። ቆይቶ፣ "እመቤቴ፣ ይህንን ነሐሴ ላይ በርጩማ ላይ ወጥተሽ ብትናገሪው አካፋውን ትወስጂ ነበር" አላት።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን ፎቅ ወጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የተወለደው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ማሽኑ ሲጮህ ነው እንቅልፍ የለመደው። ሱቁ ከተሸጠ ክፍሉም አብሮ ይሸጣል። ስድሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ከልብስ ማጠብና ከመዋሸት ሌላ ሙያ የለውም።

ያማከራት ጠበቃ ሮዛሊንድ ማብሪ ትባላለች፤ ቢሮዋ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከዶናት ቤቱ በላይ ነው። ታሪኩን ሰምታ ስታበቃ የጠየቀችው ያልጠበቀውን ነው።

"አባትዎ ኢንሹራንስ ነበራቸው?"

"አባቴ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው።"

"የሕይወታቸውን አላልኩም። የሱቁን ነው። በሌላ ሰው ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት ቢያደርሱ የሚከፍልላቸው።" ወንበሯን ሳብ አደረገች። "የዛሬው ውልዎ ብክለት አይመለከተኝም ይላል፤ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። የድሮዎቹ ውሎች ግን ይህን ማለት ገና አልተማሩም ነበር። ፈሳሹ አፈር ውስጥ የገባው ያ ውል በሚሠራበት ዓመት ከሆነ፣ ውሉ ካለፈበት በኋላም ቢሆን ኩባንያው የገባው ቃል አለ። ዛሬም ይከፍላል።"

"ታዲያ ነበረዋ! በየዓመቱ ከኦርቪል ስታምፐር ይገዛ ነበር!"

"ግሩም ነው። ወረቀቱስ?"

ዴልማር ጣሪያውን አየ፤ መሬቱን አየ። "ወረቀቱ የከተማው ወንዶች አንገት ላይ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ሆባርት ቆጣቢ ሰው ነበሩ፤ በጣም ከመቆጠባቸው የተነሳ የሚያስነጥሱት በሁለት ቀን አንዴ ነው ይባል ነበር። የኢንሹራንስ ውል ደግሞ ወፍራም፣ ጠንካራ፣ ያማረ ወረቀት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ "ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ምን ይሠራል?" ይሉና በመቀስ ጣት በምታህል ስፋት ይቆርጡታል፤ የተተኮሰ ሸሚዝ ኮሌታው እንዳይወድቅ ከሥሩ ያስገቡታል። ስለዚህ የፕሩት ላውንደሪ ዋስትና ሁሉ፣ ቁራጭ በቁራጭ፣ በዋይልደር ወንዶች አንገት ሥር ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ሠርግ በልቷል፣ አንዳንዱም ተቀብሯል።

ዴልማር ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ቁም ሣጥን ሲበረብር ከረመ። በመጨረሻ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ቤት፣ ተተኩሶ ከታጠፈ ወዲህ ያልተለበሰ ሸሚዝ አገኘ። ኮሌታው ሥር ቁራጭ ወረቀት አለ! ይዞት ወደ ሮዛሊንድ ከነፈ። ጮክ ብላ አነበበችው፤ "'...ከጦርነት፣ ከሕዝብ አመፅ እንዲሁም ከሰማይ ከሚወድቅ ማንኛውም...' እዚህ ላይ ተቆርጧል።" ቀና አለች። "ጓሮዎ ውስጥ ከሰማይ የወደቀ ነገር አለ?"

"ካስፈለገ አለ።"

"አቶ ፕሩት!"

"እሺ፣ እሺ፣ የለም።"

ኦርቪል ይሠራለት የነበረው ኩባንያ በበኩሉ መዝገቡን ፈልጎ "ፕሩት የሚባል ደንበኛ አናውቅም" አለ። የቀረው የዴልማር ቃል ብቻ ነው። ሮዛሊንድ "እውነቱን ብቻ ይናገሩ፤ አያሳምሩት፤ ቀለም አይቀቡት" ብላ አስጠንቅቃ ወደ ቃል መስጫው ወሰደችው። ከኩባንያው በኩል የመጣው ጠበቃ አቶ ዊትኮም ሴይልስ ይባላል፤ ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሱሪው በተኩስ ስለት የሆነ ሰው ነው። ዴልማር ሱሪውን አይቶ በሙያው አከበረው፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ጀመረ።

"ኦርቪል ስታምፐር ለአባትዎ ኢንሹራንስ ሲሸጥ በዓይንዎ አይተዋል?"

"አይቻለሁ። በየዓመቱ የካቲት ላይ ይመጣል፤ አባቴ ያነባል፣ ይፈርማል።"

"ይህ ኦርቪል ስታምፐር የሚሉት" አለ ጠበቃው ቀስ ብሎ፣ "ከበረዶ ለተሠራ ሰው የእሳት ኢንሹራንስ የሸጠው ኦርቪል ስታምፐር ነው?"

ጠበቃው ከቦርሳው የአውራጃውን ጋዜጣ አወጣ። "እዚህ ፎቶ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

"አካፋ ነው።"

"የምን አካፋ?"

ዴልማር ሮዛሊንድን አየ። ሮዛሊንድ መስኮቱን አየች።

"ያንደኛነት" አለ ዴልማር።

"በምን?"

ቃሉን የምትጽፈው መዝጋቢ ትከሻዋ ተነቃነቀ፤ ሳቅ አፍና ነው። ያን ዕለት ከዚያ ወዲያ ዴልማር የተናገረውን እውነት ሁሉ እንደ ውሸት ሰሙት። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም፤ ስንት ዓመት ውሸቱን እንደ እውነት ሲያዳምጡለት የኖረ ሰው ነው።

ሱቅ ሲመለስ አይዴላ ካውያዋን ሳታስቀምጥ ሰማችው።

"ከዘጠናው ቀን ስንት ቀረ?"

"ሃያ አንድ።"

ትንሽ ተኮሰች። "ኦርቪል ስታምፐር ካፖርቱን መቼ ነው የወሰደው?"

"የቱን ካፖርት?"

"ግራጫውን። ማክሰኞ አምጥቶ ሐሙስ የሞተበትን። መቼ ወሰደው?"

ዴልማር ወደ ጓዳ ሮጠ።

ከጓዳው ጀርባ ባለቤቶቹ ያልወሰዷቸው ልብሶች የሚሰቀሉበት ረጅም ብረት አለ። የፈረሰ ሠርግ ሱፍ፣ የትምህርት ቤቱ ቡድን የድብ ልብስ፣ ውፍረት ሲመጣ የተተዉ ሱሪዎች፣ ሁሉም ወረፋቸውን ጠብቀው ተሰቅለዋል። አቶ ሆባርት ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛ፣ ካርኒ ላልያዘ ሰው ልብስ አይሰጥም፤ የሀገር መሪም ቢሆን። ሁለተኛ፣ ከኪስ የተገኘ ነገር አይነበብም፣ አይጣልም፣ ወደ ኪስም አይመለስም። በፖስታ ይታሸጋል፤ በምን ቀን ምን እንደተገኘ ከላይ ይጻፋል፤ ፖስታው በክር ከልብሱ ገበር ላይ ይሰፋል።

ግራጫው ካፖርት ከድቡ ጎን ነበር። ገበሩ ላይ ቢጫ የሆነ ፖስታ ተሰፍቷል፤ በአቶ ሆባርት የጉንዳን ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "ከግራ ኪስ። አንድ እስክሪብቶ። አንድ ሚንት ከረሜላ። አንድ የታጠፈ ወረቀት።" ቀኑ የካቲት ነው፤ የዛሬ ሠላሳ ሰባት ዓመት።

ዴልማር እጁን ሰደደ። አይዴላ የእንፋሎት ጨርቋን አጥፋ እጁን መታችው።

"ኧረ እጅህን! ካርኒ አለህ?"

"አይዴላ፣ ሱቁ የኔ ነው!"

"ካፖርቱ ግን ያንተ አይደለም። ደግሞ አንተ ከፍተህ 'ይኸው ወረቀት' ብትል ማን ያምንሃል? ድቡ?"

ሮዛሊንድም በስልክ ያንኑ አለች። "እንዳይነኩት። እንዳይተነፍሱበት። ባለቤቷ ካርኒውን ይዛ ትምጣ፣ በምስክር ፊት ትክፈተው።"

ባለቤቷ ማለት የኦርቪል ሚስት ወይዘሮ ቢዩላ ስታምፐር ናቸው፤ ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። ዴልማርን ካናገሩት ስድስት ዓመት አልፏል፤ ልብሳቸውንም ሃያ ማይል ርቀው ነው የሚያሳጥቡት።

ዴልማር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ በረንዳቸው ላይ ቆመ። በሩን በወንፊቱ በኩል ብቻ ከፈቱለት።

"ወይዘሮ ስታምፐር፣ እንደምን አሉ?"

"አለሁ፤ በረዶ ሰው ግን አይደለሁም፤ ኢንሹራንስ አልገዛም።"

"እሱ እኮ ጨዋታ ነው፣ እሜቴ። የቅጥፈት ውድድር ላይ የተባለ ነው።"

"ሰው ግን አምኗል! ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ይጠይቁኛል፤ 'ለመሆኑ በረዶ ሰውየው ሲቀልጥ ኦርቪል ከፈለው?' ይሉኛል። ደግሞ ቡናማ ባርኔጣ አድርጎ ነበር አልክ። ኦርቪል በሕይወቱ ቡናማ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም! ቡናማ ባርኔጣ የሚያደርግ ሰው አላገባም ነበር!"

ዴልማር ነገሩን ሁሉ አስረዳቸው፤ ጉድጓዱን፣ ዘጠናውን ቀን፣ ጠበቃውን፣ ካፖርቱን። ሲሰሙ ቆይተው ወደ ውስጥ ገቡ። የጠፉ መሰለው። ከዚያ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይዘው ተመለሱ፤ ከኮክ ኬኩ ገጽ መካከል ሮዝ ካርኒ አወጡ።

"ይሄውልህ። ቁጥሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ይዘውት ለምን አላወጡትም?"

ወይዘሮ ቢዩላ ካርኒውን አገላበጡት። "ካላወጣሁት ገና እየታጠበ ነው ማለት ነው" አሉ። ወዲያው ድምፃቸውን አጠነከሩ። "አርብ ቤተ ክርስቲያን የዓሣ እራት አለ። እዚያ ተነስተህ የበረዶ ሰውዬው ነገር ውሸት ነው ትላለህ። ባርኔጣውንም። ያን ጊዜ እመጣለሁ።"

"ሁሉም እኮ ውሸት መሆኑን..."

"አርብ!"

አርብ ማታ አዳራሹ ጢም ብሏል። የጉድጓዱ ውሃ ስለታገደ የሚጠጣው ከውጭ በበርሜል የመጣ ነው፤ በርሜሉ ላይ አንዱ "የዴልማር ስጦታ" ብሎ ጽፎበታል። ዴልማር የተጠበሰውን ዓሣ ሳይነካ ተነሣ።

"ወገኖቼ፣ ኦርቪል ስታምፐር ለበረዶ ሰው ኢንሹራንስ አልሸጠም።"

ሳቅ።

"የእውነቴን ነው! ውሸት ነው የተናገርኩት!"

የባሰ ሳቅ። አንዱ ጠረጴዛ ደበደበ። "ዘንድሮ ደግሞ እውነት የተናገረ ቀጣፊ ሆኖ ሊመጣ ነው! አራተኛዋን አካፋ ስጡት!"

"ባርኔጣም አላደረገም! ቡናማ ባርኔጣ የለውም! ኦርቪል ማለት..." እዚህ ላይ ዴልማር ቆመ። ኦርቪል ስታምፐር እንዴት እንደሞተ ትዝ አለው። ሐሙስ ጠዋት፣ ደጁ ላይ፣ ካፖርት ሳያደርግ፣ በረዶ ሲጠርግ ነው የሞተው። ካፖርቱ ላውንደሪ ነበር። እሱ ደግሞ በዚህ ሰው ላይ ከዓለም ነገር ሁሉ መርጦ የበረዶ ቀልድ ሠራበት፤ ሚስቲቱ ያን ሁሉ ዘመን የተቆጡት በባርኔጣው አስመስለው ነው።

ሰዉ ዝምታውንም እንደ ቀልድ ወሰደና አጨበጨበለት። ዴልማር ከሰው መሐል ወይዘሮ ቢዩላን ፈለገ። ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ አይስቁም።

"ይቅርታ" አለ ወደሳቸው ብቻ ዞሮ። "በረዶው... አላሰብኩትም፣ እሜቴ። እውነቴን ነው አላሰብኩትም።"

ሁካታው ውስጥ ሌላ ሰው አልሰማውም። ወይዘሮ ቢዩላ ሹካቸውን አስቀመጡ። "ሰኞ በአሥር ሰዓት እመጣለሁ" አሉ። "ዓሣህን ብላ፤ ይቀዘቅዛል።"

ሰኞ ላውንደሪው በሰው ተጣበበ። ሮዛሊንድ፣ መዝጋቢዋ፣ ስለታም ሱሪ ያደረገው አቶ ሴይልስ፣ በመስኮት በኩል ደግሞ ግማሽ ከተማ። ወይዘሮ ቢዩላ በምርኩዛቸው ገብተው ካርኒውን ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

"አራት መቶ አሥራ ሁለት" አለች አይዴላ፣ ትናንት የመጣ ይመስል። ሄዳ አመጣችው። "ግራጫ ካፖርት። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ከኪስ የተገኘ አለው።"

ወይዘሮ ቢዩላ ካፖርቱን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ትንሽ ቆዩበት፤ ማንም አላጣደፋቸውም። ከዚያ አይዴላ መቀስ ሰጠቻቸው፤ ክሩን ቆረጡ፤ ፖስታውን ከፈቱ። እስክሪብቶ ወጣ። ከረሜላ ወጣ። በአራት የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ በካርቦን የተገለበጠ፣ ሰማያዊ ጽሑፍ። ሮዛሊንድ ጮክ ብላ አነበበችው።

"'ፕሩት ላውንደሪ፣ ዋይልደር። በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት። ዘጠነኛ ዓመት እድሳት። ተከፍሏል።' የኩባንያው ስም አለ። የውሉ ቁጥር አለ።"

በመስኮቱ በኩል ጩኸት ተሰማ። አቶ ሴይልስ ግን ጣቱን አነሣ።

"ይህ ፖስታ ባለፈው ሳምንት ያልተሠራ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ? ቢጫ ወረቀት ሻይ ውስጥ በመንከር ይሠራል። የማን ቤት ውስጥ እንደተገኘ አንርሳ" አለና በዓይኑ መስኮቱ ላይ ያሉትን አካፋዎች ቆጠራቸው።

ዴልማር አፉን ሊከፍት ሲል አይዴላ እግሩን ረገጠችው። ወይዘሮ ቢዩላ ከረሜላውን አንሥተው ለጠበቃው ዘረጉለት።

"ብላ።"

"ይቅርታ?"

"ባለፈው ሳምንት የተገዛ ከሆነ ይጣፍጥሃል። ብላው።"

"እመቤቴ፣ ይህ ሕጋዊ አሠራር አይደለም።"

"ፈራህ እንዴ፣ ልጄ?"

በመስኮቱ በኩል ግማሽ ከተማ ሳቀ። የአቶ ሴይልስ ጆሮ ቀላ። ወጣት ነው፤ ኩራት አለው፤ ከረሜላውን ልጦ አፉ ውስጥ ወረወረው፤ አዲስ ነው ብሎ እንዳመነ ሊያደቅቀው ነከሰ። ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ተሰምቷል የሚሉ አሉ፤ ጣቢያው የአራት ማይል መንገድ ነው። የተሰበረው ከረሜላው አልነበረም። ጠበቃው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጉንጩን ያዘ፤ ሊተፋው ቢልም ከረሜላው ከምላሱ ጋር ተማምሏል።

"ባለፈው ሳምንት የተገዛ ነው?" አሉት ወይዘሮ ቢዩላ።

ጠበቃው ጭንቅላቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ።

ሮዛሊንድ ወደ መዝጋቢዋ ዞረች። "አቶ ሴይልስ በጭንቅላታቸው 'አይደለም' ማለታቸው ይመዝገብልኝ።"

በተገኘው ቁጥር ሲፈለግ የኩባንያው መጋዘን ውስጥ ሣጥኑ ተገኘ፤ ዘጠኙም ዓመት፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። ሲፈልጉት የቆዩት በፕሩት ስም ነበር፤ አንድ የድሮ ጸሐፊ ደግሞ ሣጥኑን በኦርቪል ስም አስቀምጦት ኖሯል። ዘጠናው ቀን ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ኩባንያው "እንከፍላለን" ብሎ ጻፈ። ቁፋሮው ተጀመረ፤ ከጓሮው የወጣው አፈር በመኪና ተጭኖ ሲሄድ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ለቤተ ክርስቲያኑም አዲስ ጉድጓድ ራቅ ብሎ ተቆፈረ። ማሽኑ እንደገና ከዴልማር አልጋ ሥር ይጮህ ጀመር።

ንጹሕ አፈር ተሞልቶ ዝናብ ከጣለ በኋላ አንድ ጠዋት ዴልማር ጓሮ ወርዶ በጣቱ ጫረ። ትል ወጣ። ጭቃ በጭቃ፣ ቆሻሻ፣ የሚያስጠላ ትል ነበር። መዳፉ ላይ አድርጎ አይዴላን ጠራት።

"እዪው! እንዴት ቆሽሿል!"

"ያንተን ያህል አይሆንም" አለች አይዴላ፣ ግን ቆማ አብራው አየችው።

ወይዘሮ ቢዩላም ለማስረጃ ተይዞ የቆየውን ካፖርት ሊያወጡ መጡ። ካርኒው ላይ የተጻፈውን አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ባንኮኒው ላይ ቆጠሩ። ዴልማር "አልቀበልም" ቢልም፣ "ዕዳ አልወድም፤ ጭማሪም አልወድም" ብለው ገፉለት። ካፖርቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ ግን ፊታቸው ተቀየረ።

"ሦስተኛው ቁልፍ የት አለ?"

ዴልማርና አይዴላ ተያዩ።

"ሠላሳ ሰባት ዓመት ይዛችሁት ቁልፍ መትከል አቃታችሁ?"

ዴልማር መርፌና ክር ፍለጋ ገባ። ግራጫ ቁልፍ ለማግኘት አሥራ አንድ ሣጥን ገለበጠ። ቁልፉን ሲተክል ወይዘሮ ቢዩላ አጠገቡ ቆመው ስፌቱን ይቆጥሩ ነበር፤ ሲጨርስ ካፖርቱን ራሳቸው ላይ ደረቡት፤ እጅጌው እስከ ጣታቸው ጫፍ ወርዶ ሸፈናቸው። እንደዚያው ሆነው ወጡ።

ነሐሴ ላይ ዴልማር ለውድድሩ አልተመዘገበም። ስለ ራሱ ካሁን በኋላ እውነት ብቻ እናገራለሁ ብሎ ነበር፤ እሱም ራሱ አንድ ውሸት ነው። ዘንድሮ በርጩማው ላይ የወጡት ወይዘሮ ቢዩላ ናቸው፤ ሁለት ሰው ደግፎ አወጣቸው። ስለ አንድ የከተማ ጠበቃ አወሩ፤ ከረሜላ ነክሶ ጥርሱን ያጣ፣ ከረሜላውም ምላሱ ላይ ሦስት ወር የቆየ፣ በዚያ ሦስት ወር ውስጥ መዋሸት ስላልቻለ ኩባንያውን ሁሉ አራቁቶ ለድሃ ያከፋፈለ ጠበቃ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። አካፋውን ወሰዱ።

ሳምንት ሳይሞላ ለላውንደሪው ደብዳቤ መጣ፤ ከአቶ ዊትኮም ሴይልስ ነው። ጽሑፉ አጭር ነበር። ስለ ጥርሱ አላማረረም፤ ስለ ከረሜላውም ስለ ኩባንያውም ምንም አላለም። በወይዘሮ ስታምፐር ንግግር ላይ አንድ እርማት እንዲደረግለት ብቻ ነው የጠየቀው፦ እሱ በሕይወቱ ቡናማ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም።